በሶ ይዤ ወደ ቴፒ

አድርሶ ለመለሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የጽዋ ማኅበራችን እናቶች በየወሩ «ያ አገር እንዴት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል አልኩ። አብዛኞቻችን ከደብረ ብርሃን ወጥተን አዲስ አበባ ደርሰን ከተመለስን ብዙ ነው። እኔም ልጄ ባትኖርበት ኖሮ ቴፒን አላያትም ነበር።

ልጄ ሰላም የጤና ባለሙያ ናት። ሥራ ስትመደብ ዕጣዋ ቴፒ አጠገብ ወጣ። እዚያው አገባች፣ እዚያው ፀነሰች። ባሏ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ጌጫ በምትባል የደጋ ከተማ ይሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ደውዬ «መጥቼ እወስድሻለሁ፤ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው» አልኳት። «ነይና እናያለን» አለች።

ለምን እሺ እንዳላለች አውቄዋለሁ። የቤት አከራይዋ ናት። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፣ የዚያው አገር ሰው፣ የሸኮ ተወላጅ። በስልክ ስንነጋገር ከኋላ ድምፅዋ ይሰማል። ሰላም እኔን «እማዬ» ትለኛለች፣ እሷን «እማ»። ለአንድ ፊደል ይህን ያህል መብሰልሰል ለአንዲት ቆራቢ ሴት እንደማይገባ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። እሳቸውም «ሂጂና እያት» አሉኝ።

ሰኞ

የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ አስፈጭቼ፣ በሶውን ክዳን ባለው ባልዲ ሞላሁት። ሰላም በልጅነቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሶ ሳትጠጣ አትወጣም ነበር። ከአልጋ የማትወርደውን እናቴን ለዐሥራ አምስት ቀን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ። አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ከዚያ በላይ የሚጻፍ የለም።

ማክሰኞ

ወደ ጅማ። አውቶቡሱ ወደ ግቤ ሲወርድ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። እኛ ጋ በሰኔ ሰው ተሸፋፍኖ ይሄዳል። እዚህ መስኮት ክፈቱ፣ አትክፈቱ ጠብ ነው።

ጅማ የያዝኩት አልጋ ቤት ቧንቧው ደርቋል። የቤቱ ባለቤት፣ ሒጃብ ያደረገች ወጣት ሴት፣ ራሷ በባልዲ ውኃ አመጣችልኝ። ጾመኛ መሆኔን ስነግራት ሄዳ ሽሮውን ቅቤ ባልነካው ድስት አሠርታ ላከችልኝ። በእምነት ሳንገናኝ ጾሜን ጠበቀችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ረቡዕ

ከጅማ ሚዛን ተፈሪ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘይነባ የምትባል የስልጤ ሴት ነበረች። ሚዛን ገበያ ልባሽ ጨርቅ ስትሸጥ ልጆቿን አድርሳለች። ባልዲውን በጉልበቴ ይዤ ስላየችኝ «ወርቅ ነው እንዴ እትዬ? ከላይ ይጫንልሽ» አለች።

«በሶ ነው። ለነፍሰ ጡር ልጄ።»

«እሱማ ከወርቅ ይበልጣል። በይ እግርሽ ሥር አድርጊው፣ እኔም እግሬን አልዘረጋም።»

ቦንጋን አልፈን ሚዛን ትንሽ ሲቀረን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ዝናቡ የእኛ ዝናብ አይደለም። የእኛ ይመታል ያልፋል፤ ይኸኛው ተቀምጦ ነው የሚዘንበው። ዘይነባ እጄን ይዛ መንገድ ዳር ወዳለ ቤት አስገባችኝ። ባለቤቶቹ አያውቁንም። የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን፣ ከሸክላ ድስትም በቅል የሚጨስ ነገር ቀዱልን። ቢጫ ነው፣ ሚጥሚጣና ዝንጅብል ይሸታል።

«ምንድን ነው?»

«ጨሞ። የቡና ቅጠል ነው፣ ከቅመም ጋር ይፈላል» አለች ዘይነባ የራሷን እየጠጣች። «እኔ እዚህ አገር ባዶ ውኃ አልጠጣም። ወይ ጨሞ ነው ወይ ለስላሳ።»

እኛ ቡና ስናውቅ ፍሬው ነው። ቅጠል መጠጣት የችግር መሰለኝ። ሰዓቱ ገና ስለነበረ በጾሜ አመካኝቼ አልጠጣሁም። ጎደሬውን ግን ኮባ በሚመስል ሰፊ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ለማታ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ጎማው ተቀየረ ተባለ። ሚዛን ስንደርስ ዘይነባ አልጋ ቤት ድረስ በባጃጅ አድርሳኝ፣ ለባለቤቱ «እናቴ ናት፣ ጫጫታ የሌለበት ክፍል ስጣት» ብላ ሄደች።

ሐሙስ

ከሚዛን ቴፒ በሚኒባስ። ግራና ቀኝ ቡና ነው፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ደመና። እኛ ጋ ከባሕር ዛፍ ሌላ ዛፍ ካየን ቤተ ክርስቲያን ነው እንላለን። እዚህ በዚያ ልማድ ብሄድ አገሩ ሁሉ ደብር ነው።

መናኸሪያው ላይ ሰላም ሆዷ ቀድሞ ተቀበለኝ። አቅፌአት ዐይኔን ስከፍት ከኋላዋ ጃንጥላ የያዘች ረዘም ያለች ሴት ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላ የእኔ ነው። ጥጡን ፈትዬ ለሰላም ሠርግ ያሸመንኩት፣ ጥለቱን አይቼ የመረጥኩት።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ። አንቺ አለችኝ፣ ገና ስንገናኝ። ሰላም ዝቅ ብላ «እማዬ፣ እዚህ ሁሉንም ሰው አንቺ ነው የሚሉት» አለች። እሺ አልኩ። ሴትዮዋ ባልዲዬን ተቀብላ አናቷ ላይ አድርጋ ቀድማ ሄደች። ጃንጥላውን ለሰላም ነው የሰጠቻት። እኔ በዝናብ ሄድኩ፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ ለእኔ የምጠለልበት የማንጎ ዛፍ አሳየችኝ። መልካም ሰው መሆኗ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ይህ አላስደሰተኝም።

ወደ ቤቱ ስንሄድ ቀበሌው ግድግዳ ላይ በሰላም የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት አየሁ። «ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶች ለጥንቃቄ ሲባል ጨሞ እንዳይጠጡ» ይላል። ደስ አለኝ። ጠየቅኋት።

«ቡና ሲበዛ ለፅንስ ጥሩ አይደለም ተብለን ተምረናል» አለችኝ። «ቅጠሉ እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ይቅር አልኩ። እማም እሺ አለች፣ ድሮ ጧትና ማታ ትሰጠኝ ነበር።»

«ጥሩ አድርገሻል» አልኩ። ስለ ቅጠሉ የማውቀው አልነበረም። የሴትዮዋ ስኒ ከልጄ እጅ መውረዱ ነው ደስ ያለኝ።

ያን ማታ ክፍሉን ቃኘሁ። የሕፃኑ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል፣ አስካለ የሰፋችው። የሰላም ጫማ ለእግሯ እብጠት ተብሎ በሰፊ ተቀይሯል፣ አስካለ የገዛችው። ለእኔ የቀረኝ በሶው ነበር።

ዓርብ

ጧት ተነሥቼ በሶውን አወጣሁ። አስካለ ጓዳ ነበረች።

«ውኃውን ከፔርሙሱ ውሰጂ» አለችኝ። «የሷን ለብቻ ነው የማፈላላት።»

ፔርሙሱን ከፈትኩት፤ ይፋጃል። «በሶ በሙቅ ውኃ አይበጠበጥም፣ ይጓጉላል» አልኳት። እውነቴን ነው። በሶ የሚጣፍጠው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ እኛ ጋ የቧንቧው ውኃ ጥርስ ያሳምማል እኮ።

«ካልሆነ አብርጂው።»

«እስኪበርድ ልጄ ሥራ ትሄዳለች።»

ጥግ ላይ ካለው ቢጫ ጀሪካን ቀዳሁ። ከምንጭ የመጣ፣ ንጹሕ፣ ኩልል ያለ ውኃ ነው። አስካለ ቆማ አየችኝ። እኔ እናቷ ነኝ፣ ምን ልትል ትችላለች።

ሰላም ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። «የቤት ሽታ አለው» ብላ ዐይኗን ጨፈነች። አስካለን ቀና ብዬ አየኋት። ያንን አስተያየት ዛሬም አፍርበታለሁ።

ማታም በጠበጥኩላት። ቅዳሜ ጧትም፣ ማታም። ቅዳሜ ባሏ መጣ፤ እሱም ጠጣ፣ አመሰገነ። እኔም ጀርባዬ ቀና አለ።

እሑድ

ማለዳ ቅዳሴ ሄድኩ። የማያውቁኝ ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ። ቅዳሴው ያው የኛው ነው፤ የደብተራው ዜማ ብቻ ወደዚያ አገር ዘንበል ያለ መሰለኝ። ልጄን በሰላም ይዤ እንድመለስ ተሳልኩ።

ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ከደጅ ያገኘኋት ጎረቤት «ጤና ጣቢያ ወስደዋታል» አለችኝ። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። ባሏም ታሟል፣ ግን እሱ ቆሞ ይሄዳል። ባጃጅ ጠርታ፣ ደግፋ፣ አቅፋ የወሰደቻት አስካለ ናት። እኔ የእግዚአብሔርን እጅ ስለምን ልጄ የሌላ ሴት እጅ ላይ ነበረች።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ግሉኮስ ተተክሎላት ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል። ነርሷ ወደ ጎን ወስዳ «ውኃ ከሰውነቷ ካለቀ ምጡ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። ዛሬ ጠጥታ ካላስመለሳት ደህና ነው» አለችኝ። ወንበር የለም። አስካለ የተቀመጠችበትን ለቀቀችልኝና መሬት ተቀመጠች።

አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ሌላ ነፍሰ ጡር ተኝታ ነበር፣ ሰላም ከምትሠራበት ቀበሌ የመጣች። ከሰዓት ላይ ሰላም ትንሽ ሲሻላት ወደ እሷ ዞረች።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሆዴ ነው። አንቺንም ያዘሽ እንዴ?» ሴትዮዋ ሳቀች። «ሐኪምም እንደኛው ነው ለካ።»

«ምን ጠጥተሽ ነበር?»

«ምን እጠጣለሁ፣ ውኃ ነዋ። ጨሞውን አንቺ ከለከልሽን።»

«ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ ብዬ ነበር እኮ።»

«ብለሽ ነበር። ግን ሲስተር፣ ባዶ ውኃ ማን ያፈላል? እንጨት አንድጄ፣ ምንም ሳልጨምርበት፣ ባሌ መጥቶ ድስቱን ቢከፍተው ምን ይለኛል? አማቴ ብትመጣ ሙቅ ውኃ ልቅዳላት? እኛ ውኃ የምናፈላው ጨሞ ስናፈላ ነው። እሱ ከቀረ እሳቱም ይቀራል። በዚህ ሰሞን እዚህ የተኛን እኛው ነን፣ ያንቺ ሴቶች። ስለምንወድሽ ነው እሺ ያልንሽ።»

ሰላም ትራሷ ላይ ቀና አለች። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ቀጥላ ወደ እኛ ዞረች።

«እኔ ግን ከፔርሙሱ ነው የምጠጣው። እማ፣ ሌላ ምን ጠጣሁ?»

አስካለ እጇን አየች። «እኔ አላውቅም» አለች።

ታውቃለች። ዐይኗ እያየ ነው የቀዳሁት። ልጄ ፊት ልታዋርደኝ አልፈለገችም። ቢጠይቁኝ፣ እሷ ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። ቀናሁባት፤ እኔ እሷን ብሆን ኖሮ ዝም አልልም ነበርና።

«በሶውን በጀሪካኑ ውኃ ነው የበጠበጥኩት» አልኩ። «እሷ ነግራኝ ነበር። እምቢ አልኳት።»

ሰላም አልተቆጣችኝም። እጄን ፈልጋ ያዘችው። «እኔም ካንቺ የተሻለ አልሠራሁም፣ እማዬ» አለች።

ሰኞ

በጸሎት አድሬ ነጋ። ልጄ ጠጣች፣ አላስመለሳትም። ሆዷ ውስጥ ያለውም ተንቀሳቀሰ፤ ነርሷ አዳምጣ «ልቡ ደህና ነው» አለችን። ተመስገን።

ሰላም ወረቀትና እስክሪፕቶ አምጡልኝ አለች። አልጋው ላይ ተደግፋ ስትጽፍና ስትሰርዝ ቆየች።

«ቅጠሉ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» አልኳት።

«አላውቅም። ለክቶ የነገረኝ ሰው የለም።»

«ታዲያ ካላወቅሽ መከልከሉ አይሻልም?»

ይህን የጠየቅሁት ስለ ሴቶቹ ብዬ እንዳልነበረ እዚህ ልጻፈው። ያ ስኒ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈልጌ ነው።

«እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» አለች። «መከልከል ምንም የማይጎዳ ነገር መሰለኝ። ቢበዛ አንድ መጠጥ ይቀርባቸዋል አልኩ። ቅጠሉን ስከለክል ድስቱን ከእሳት እንዳወረድኩት አላየሁም። ውኃው እንደሚያሳምም ግን አውቅ ነበር፤ ይህን በየቀኑ ነው የማክመው። የማላውቀውን ፈርቼ የማውቀውን ረሳሁ።»

«አሁን ጠጡ ብለሽ ቅጠሉ ቢጎዳስ?»

«እሱንም ፈርቼ ነው የምጽፈው።»

አዲሱን ወረቀት አነበበችልን። ከላይ፣ በትልቁ፣ ያልፈላ ውኃ ማንም ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣ፣ በሶም ቢሆን፣ ጭማቂም ቢሆን፣ ፈልቶ በበረደ ውኃ እንዲሆን ይላል። ከሥሩ ጨሞ የለመደች ቅጠሉን ቀነስ አድርጋ፣ አቅጥና፣ ጧት አንድ ማታ አንድ እንድትጠጣ ይላል። ቡናውን ግን በላዩ እንዳትደርብበት። የልብ ምት የፈጠነባት ወይም እንቅልፍ የነሣት መጥታ ትንገረኝ ይላል። በመጨረሻም «የቀድሞው ማስታወቂያ የእኔ ስሕተት ነበር» ብላ ፈርማለች።

ወረቀቱ በዚያው ቀን ቀበሌው ላይ ተለጠፈ፤ አለቃዋም ሰምቶ ደወለላት። ድምፁን ስለከፈተችው ሰማነው። «ሰላም፣ አንዴ የተከለከለን ነገር መፍቀድ ሕዝቡን ያደናግራል። ነገ አንዷ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የፈቀድሽው አንቺ ነሽ ይላሉ። ስትከለክይ የጠየቀሽ አልነበረም።»

«አዎ፣ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «አሁን ግን አንዷ አጠገቤ ተኝታለች።»

ከዚያ በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። ወረቀቱ ግን አልተነሣም።

ማክሰኞ

ወደ ቤት መለሱን። አስካለ ድስቱን ጣደች። ቅጠሉን ከጓሮዋ ቆርጣ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ፣ ሸክሽካ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ አፈላችው። ቀጭን ነው፣ ሰላም እንዳዘዘችው። ስኒውን ቀዳችና ለሰላም ሳትሰጥ ቆማ እኔን አየችኝ።

«ልስጣት?»

ለእኔ ነው የጠየቀችው። ስኒውን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ ቀመስኩት። ያቃጥላል፣ ከዚያ ጉሮሮን ያሞቃል። እንደሚጠላ ነገር ጠብቄው ነበር፣ አልሆነልኝም። ለልጄ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው ጠጣች። በሶውን ስትጠጣ እንዳደረገችው ዐይኗን ጨፈነች፤ ትንሽም ረዘም አድርጋ ነበር መሰለኝ።

«ነጠላው ያምርብሻል» አልኳት አስካለን። ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

«የልጅሽ ነው። ዝናብ ላይ አልብሳኝ ነው። ውሰጂው።»

«ልበሺው» አልኩ።

ረቡዕና ከዚያ በኋላ

ነርሷ ነገሩን ቆረጠችው፤ ሰላም በዚያ ሆድ፣ ከዚያ ሕመም በኋላ፣ የአራት ቀን መንገድ መኪና ላይ አትቀመጥም። እናቴ ደግሞ በጎረቤት አደራ ላይ ናት። ልጄን ልወስድ ሄጄ በሶውን ትቼ ልመለስ ሆነ።

ዓርብ ሲነጋ አስካለ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ሙዝ፣ አንድ ጠርሙስ ማር፣ የደረቀ የቡና ቅጠልም በፌስታል ይዛልኛለች። «እንደ ዐይኔ ነው የምይዛት» አለችኝ። ይህንን አውቃለሁ። ያሳዘነኝም እሱ ነው። ይዣት እንድመለስ የተሳልኩትን ስለት ለእሷ አሳልፌ፣ «እመቤቴ ከሁለታችሁም ጋር ትሁን» ብዬ ተሳፈርኩ። ሚዛን ላይ ዘይነባን ገበያ ሄጄ አገኘኋት። ባልዲው የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ፣ ልጅሽ ሁለት እናት አገኘች» አለች። አንዷ ትበቃት ነበር ብዬ በልቤ መለስኩላት። በመንገድ ያጋጠመኝን ሌላውን አልጽፈውም፤ ስሄድ የነበረው ነው፣ ወደ ኋላ።

ሰላም በነሐሴ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። እጇን የያዘችላት አስካለ ናት። ስሟን ግን እኔ እንዳወጣላት ሰላም አቆየችልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለሰላም ደውዬ እንዴት እንደሆነች ጠየቅኋት። ደህና ነኝ አለች። በሶው ሊያልቅ ነው አለች። እማ በየማታው ውኃ አፍልታ፣ ከድና፣ ቀዝቅዞ እንዲያድር ታደርገዋለች፤ ጧት በሶውን በእሱ ትበጠብጣለች፤ ትንሽ ማርም ጠብ ታደርግበታለች አለች።

«ከእኔ ይጣፍጣል?» አልኳት።

ዝም አለች። እንዳትዋሽ አድርጌ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።